ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

በደብረ ብርሃን ሰው በሩን ከፍቶ ሲወጣ አስቀድሞ ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል። ጆሮዋ እዚያ ናት። የጠርሙስ ቆርኪ የምታህል ክብ ነገር ስትሆን በየኮሪደሩ፣ በየሱቁ በር ላይ፣ በየአውቶቡስ ፌርማታው ተለጥፋለች። አረንጓዴ መብራቷ ከበራ እየሰማች ነው። ያን ጊዜ ሰውየው ጉሮሮውን ይጠርግና ፊት ለፊቱ ያገኘውን ጎረቤት በሙሉ ስሙ ጠርቶ ሰላም ይለዋል።

«እንደምን አደሩ፣ አቶ በልሁ ወልደ ሰማያት?»

«ደህና ነኝ። እርስዎስ እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ፀዳለ መኩሪያ?»

ጆሮዋ አንድ ጊዜ ብልጭ ትላለች። የሁለቱም ቀን ተቆጠረ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሰዎች በአንድ ሊፍት ጎን ለጎን ቆመው እስከ ምድር ሲወርዱ አንዲት ቃል አይለዋወጡም። ምን ሊሉ? ሰላምታው አልቋል።

ይህንን ነገር ሰው «ካርድ መሙላት» ይለዋል። ድሮ ለስልክ ካርድ ይሞላ ነበር አሉ፤ ቃሉ ከዚያ ዘመን የተረፈ ነው። «ካርድ ሞላህ?» ይባባላሉ። የሞላ ሰው አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ይሄዳል። ያልሞላው ደግሞ ፀሐይ ሲያዘቀዝቅ በየፌርማታው የሰው ፊት ሲለማመጥ ይታያል፤ የሞሉት ግን ዓይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ሰላምታ ተከልክሎ አይደለም። ከአንድ ጊዜ በላይ የሚጠቅም ነገር ስላልሆነ ነው።

ሽማግሌዎቹ ሲያወሩ፣ ድሮ ሰው የዚህችን ከተማ ብርድ እያማረረ ወደ ሞቃት አገር ይሸሽ ነበር ይላሉ። ልጆቹ ይህንን ሲሰሙ ይስቃሉ። ቆላው ከጋለ ወዲህ ሁሉም ሽቅብ ወደ ብርዱ ሆነ፤ ከተማዋም መጀመሪያ የመጣውን ሁሉ ተቀበለች፣ ከዚያ ግን ሰው በዛባት። የቋሚ ነዋሪ ካርድ የመጣው ያኔ ነው። ካርዱ በየአምስት ዓመቱ ይታደሳል፤ ለማሳደስ ደግሞ ከዓመቱ ውስጥ አብዛኛውን ቀን በከተማዋ መኖር ያስፈልጋል። መኖርን ግን በምን ይለኩታል? መጀመሪያ በስልክ ለኩት፤ ሰው ስልኩን ቤቱ ትቶ ሄደ። ቀጥሎ በመልክ ለኩት፤ የሰውን መልክ አስመስሎ መሥራት ቀላል ሆነ። በመጨረሻ አንድ ብልህ ሰው «ሰው የሚኖረው ሰላም በሚባልበት ቦታ ነው» አለ። ነገሩ ለሁሉም እውነት መስሎ ታየና ሕግ ሆነ።

ልሳኑ የሚኖረው በጠባሴ ሠፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንደኛው ነበር። ከመተሐራ የመጣ ነው። ሐይቁ የተወለደበትን መንደር ሲውጥ ከእናቱ ጋር ወደ ደጋ ወጣ፤ እናቱ ብርዱን ብዙም ሳትጠግበው አረፈች። ካርዱን የተቀበለው ጆሮዎቹ ከመተከላቸው በፊት ስለሆነ ድምፁ የትም አልተመዘገበም። ድሮም ድምፁን የሚያውቅ ሰው ጥቂት ነበር። ልጅ ሳለ የመንደሩ ሰዎች «እናትህ ልሳኑ ብላ ልሳኑን ረስታ ነው የወለደችህ» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። ሲጠሩት በዓይኑ አቤት ይላል። ሲያመሰግን እጁን ደረቱ ላይ ያደርጋል። ግድ መናገር ሲኖርበት በሹክሹክታ ነው። አዎ ለማለት ደግሞ፣ የአገሩ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው፣ ትንፋሹን ፈጠን አድርጎ ወደ ውስጥ ይስባል። የሌላ አገር ሰው ሲሰማው ልጁ የደነገጠ ይመስለዋል፤ ለሚያውቀው ግን ከአዎም በላይ አዎ ነው። ሌላው ሰው ይህንን በወሬ መሐል ጣል ያደርገዋል። ልሳኑ ዓመቱን የሚገፋው በእሱ ነበር።

ሥራው የጉም መረብ መጠበቅ ነው። ጎህ ሲቀድ የሠራተኞች ማመላለሻ ከከተማ አውጥቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ያወርደዋል። እዚያ ከምሰሶ እስከ ምሰሶ የተወጠሩ ረጃጅም መረቦች አሉ። ከታች ከቆላው እየጋለ የሚወጣው አየር አፋፉ ላይ ሲደርስ ጉም ይሆናል፤ ጉሙም መረቡ ላይ ያልበውና ውሃ ሆኖ ወደ ከተማዋ ይወርዳል። ልሳኑ መረቡን ከአቧራ ይጠርጋል፣ የተበጠሰውን ይቋጥራል። አፋፉ ላይ ጆሮ አልተተከለም። ማታ ወደ ሕንፃው ሲመለስ ደግሞ ሰው ሁሉ ሞልቶ በሩን ዘግቷል።

ከበሩ ፊት ለፊት እማማ ደብሪቱ ይኖራሉ። ዓይናቸው ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። የከተማዋ ተወላጅ ስለሆኑ ካርዳቸው መታደስ አያስፈልገውም፤ ሰላምታ ለእሳቸው ያው ሰላምታ ነው። በማለዳ በራቸውን ገርበብ አድርገው ዱካቸው ላይ ይቀመጣሉ። የልሳኑ በር ሲንቋቋ ፊታቸውን ወደ ድምፁ ያዞራሉ።

«ደህና አደርክ ልጄ?»

ልሳኑ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ይስባል።

«ደረብ አድርገሃል? ጉሙ ክፉ ነው።»

ይስባል።

«በል እግዜር ይከተልህ።»

በዚህ ዓይነት አንድ ዓመት አለፈ። ቀኑን ሙሉ ከሰው አፍ የሚሰማው ይህንን ብቻ የሆነበት ጊዜ ብዙ ነበር። እሱ ግን ሰው እንደሚያናግረው ሰው ራሱን ይቆጥር ነበር፤ ቀኖቹም ካርዱ ላይ እየተጠራቀሙ መስሎት ነበር።

ጳጉሜን እንደገባ ካርዱን ሊያሳድስ ወደ ነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት ሄደ። ተራው ደርሶ ሲገባ መክሊት የምትባል ወጣት ሠራተኛ ተቀበለችው። ጠረጴዛዋ ላይ አንዲት ጆሮ አለች። መክሊት መዝገቡ ወደሚታይበት መስታወቷ ተመለከተችና ቅንድቧን አነሳች።

«አቶ ልሳኑ፣ ዘንድሮ የት ከርመው ነው?»

«እዚሁ» አለ በሹክሹክታ።

ጆሮዋ ብልጭ አላለችም።

«ከፍ ያድርጉት። አትሰማዎትም።»

«እዚሁ ነበርኩ።» ቃሉ ነፋስ ብቻ ሆኖ ወጣ። ጆሮዋ አሁንም ብልጭ አላለችም።

መክሊት ተነፈሰች። «እሺ፣ ለእኔ ይሁን። እዚህ ከነበሩ ማን ሰላም ይልዎት ነበር?»

«ጎረቤቴ። እማማ ደብሪቱ።»

መስታወቷን ሁለት ጊዜ ነካ ነካ ስታደርገው ክፍሉ በእማማ ደብሪቱ ድምፅ ተሞላ። ደህና አደርክ ልጄ። ደህና አደርክ ልጄ። በክረምቱ ድምፃቸው ጎርነን ያለ ነው፤ በሁዳዴ ደከም ይላል፤ በፋሲካ ማግስት ደግሞ ጥሩ አድርገው እንደ በሉ ያስታውቃል። ከእያንዳንዱ ሰላምታ ኋላ ክብሪት ለመጫር ሲሞከር የመሰለች አንዲት ትንሽ ድምፅ አለች።

«ይህች ምንድን ናት?» አለች መክሊት። «እርስዎ ነዎት?»

ልሳኑ ሳያስበው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

መክሊት ሳቀች። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነበር። «እኔም እላለሁ። እናቴማ ስልክ ስታወራ ከእሷ ሌላ የላትም። ይህቺ ግን አታውቀውም» አለች በጣቷ የጠረጴዛዋን ጆሮ እያሳየች። «ትንፋሽ ብላ ነው የመዘገበችው። ሰላምታ አለ፣ መልስ የለም ትላለች። በእሷ ቤት እኚህ እናት ዓመቱን ሙሉ ባዶ ቤት ሰላም ሲሉ ነው የከረሙት።»

ልሳኑ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ቀን ያልሞላለት ሰው ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ የለም። ቆላ ይወርዳል። ቆላ የወረደ ሰው ቀኑን ከመሬት በታች ተኝቶ ይውላል፣ ሲጨልም ወጥቶ ይሠራል፣ ፀሐይ ሳትደርስበት ተመልሶ ይገባል። አጎቱ ከወረዱ በኋላ ሁለት ጊዜ ደውለው ነበር። በሁለተኛው ጊዜ ሳል ብቻ ነበር የተሰማው።

«አንድ መንገድ አለ» አለች መክሊት። «የጎረቤት ምስክርነት ይባላል። ከደጅዎ፣ ከጆሮዋ ሥር፣ ጎረቤትዎ እንደሚያውቁዎት በገዛ አንደበታቸው ይናገሩ። እርስዎም በሙሉ ድምፅ ይመልሱላቸው። አንድ ጊዜ ይበቃል። ታዲያ ጳጉሜን ሳያልቅ።»

ልሳኑ ቀና አለ።

«አስቀድመው ግን እንዳይነግሯቸው። የተመከረ ምስክር ከድምፁ ያስታውቃል፤ ከተነቃብዎት ጭራሽ ያበቃል። ዝም ብለው እንደ ወትሮው ይውጡና እንደ ሰው ይመልሱ። ገባዎት?»

ትንፋሹን ሳበ።

«እሱን እኮ ነው የሚተዉት» አለች መክሊት።

በማግስቱ ነገሩን አፋፉ ላይ ለጎሽሜ ነገረው። ጎሽሜ ከጎኑ ያለውን መረብ የሚጠብቅ የሸዋ ሮቢት ሰው ነው። ብዙ ሰው በአንድ ላይ በሚያድርበት የሠራተኞች ቤት ስለሚኖር እንኳን የእሱ ካርድ የሌላም ይሞላል። ልሳኑ በሹክሹክታ የሚለውን ሁሉ ጆሮውን አስጠግቶ ሰማና ሳቀበት።

«አሁን ይኼ ችግር ነው? አፍህን መክፈት ነው። ዝንብ ይገባብኛል ብለህ ነው?»

«አልለመድኩማ።»

«ወደ ገደሉ ዙርና ጩህ። ገደል አይታዘብህም።»

ልሳኑ ወደ ጉሙ ዞረ። አፉን ከፈተ። «ደህና ነኝ፣ እማማ ደብሪቱ» አለ።

«ይኼ ሰው ነው የበር ማጠፊያ?» አለ ጎሽሜ። «ዘይት ይፈልጋል። ድገመው።»

ደገመው።

«አሁን ደግሞ በግ ሆንክ። እድገት ነው። ከሆድህ አውጣው እንጂ፣ ከጉሮሮህ ምን ትለቅማለህ?»

ጎሽሜ እየተሳደበ መረቡን ይጠርጋል፤ ልሳኑ በጉሙ ላይ ይጮኻል። ረፋዱ ላይ የሆነ ነገር ተላቀቀ። ከደረቱ የወጣው ድምፅ ወፍራምና ለስላሳ ነበር፤ እሱ ራሱ ደንግጦ ዘወር ብሎ ማን እንደተናገረ ፈለገ። የአባቱ ድምፅ ነበር። አባቱ መተሐራ በአገዳ እርሻ መኪና ላይ ቆመው ሠራተኛ ሲጠሩ እስከ ባቡር ጣቢያው ይሰማ ነበር ይባላል።

ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃተው። ለጉሙ ስሙን ነገረው። የእናቱን ስም ነገረው። ሐይቁ ገብቶባቸው የቀሩትን ቤቶች በየባለቤቶቻቸው ስም እየጠራ ቆጠረለት። ገደሉም እያንዳንዱን ስም ተቀብሎ ይመልስለታል፤ ከቆላው አቤት የሚል ሰው ያለ ይመስል ነበር።

ጎሽሜ መጥረጊያውን ተደግፎ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። «እንዲህ ያለ ድምፅ ይዘህ ነው እንዴ ስታሾከሹክብን የከረምከው?» አለ። ሳይቀልድ የተናገረው ያን ጊዜ ብቻ ነበር። ወዲያው ግን ወደ ልማዱ ተመለሰ፦ «እማማ ሲሰሙህ ቤተ ክርስቲያን ወስደው ዲያቆን ያደርጉሃል።»

በሚቀጥለው ቀን ማለዳ ልሳኑ ፊቱን ታጥቦ፣ ደረብ አድርጎ፣ ከበሩ ጀርባ ቆመ።  እማማ ደብሪቱ ደስ ሲላቸው ይታየው ነበር። በሩን ከፈተ። ቀና ብሎ አየ፤ አረንጓዴው በርቷል።

«ደህና አደርክ ልጄ?»

«ደህና አደርኩ፣ እማማ ደብሪቱ» አለ። ድምፁ ኮሪደሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ሞላው። «እግዚአብሔር ይመስገን። እርስዎስ ደህና አደሩ?»

 የእማማ ደብሪቱ ፈገግታ ቀስ ብሎ ጠፋ። እጃቸው ምርኩዛቸውን ፈልጎ ያዘ።

«ማነህ አንተ?»

«እኔ ነኝ።»

«አንተ ማን?»

«ልሳኑ።»

«ልሳኑ የሚባል አላውቅም።»

ጆሮዋ ብልጭ አለች።

እውነታቸውን ነበር። ዓመቱን ሁሉ ልጄ ነበር የሚሉት፤ እሳቸው ስሙን አልጠየቁትም፣ እሱም አልነገራቸውም። ልሳኑ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ። «እዚህ ቤት የምኖረው እኮ ነኝ፣ እማማ።»

«ቁም እዚያው።» ምርኩዛቸውን ዘርግተው መንገዱን ዘጉበት። «እዚህ ቤት የሚኖረውን ልጅ አውቀዋለሁ። ጨዋ ልጅ ነው። በየማለዳው ደህና አደርክ ስለው ይመልስልኛል። ሳይመልስልኝ የወጣበት ቀን የለም። እንዳንተ አይጮህም። አይለፈልፍም።»

«እማማ...»

«የት አደረሳችሁት? ቆላ ሰደዳችሁት? ገና አልጋው ሳይቀዘቅዝ ቤቱን ወረስከው?»

ይህ በከተማዋ እንግዳ ነገር አልነበረም። ማታ ከአንድ ጎረቤት ጋር ተለያይቶ ጠዋት ከዚያው በር ሌላ ሰው ሲወጣ ማየት የተለመደ ነው። አዲሱም ሰው በሙሉ ድምፅ እንደምን አደሩ ይላል፤ ይመለስለታል፤ ስለ ቀድሞው ማንም አይጠይቅም። እማማ ደብሪቱ ግን ይጠይቁ ነበር።  በሮች ተከፈቱ። የተከፈቱት በሮች ውስጥ ያሉ ፊቶች ወደ አሮጊቷ፣ ከዚያ ወደ ልሳኑ፣ ከዚያ ወደ ጣሪያው አዩና መልሰው ዘጉ።

ልሳኑ ስለ እሱ ይህንን ያህል ሲነገር ሰምቶ አያውቅም። ጨዋ ልጅ ነው። ይመልስልኛል። ሊላቸው የፈለገው ብዙ ነበር፤ አፋፉ ላይ ያገኘው ድምፅ ግን ከዳው።  እሱም እንደ ወትሮው ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

እማማ ደብሪቱ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ።

«አለህ እንዴ?» አሉ ዝግ ብለው። «አለህ ልጄ?»

ሳበ።

«ሰውየው ሄደ?»

ልሳኑ ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ሳበ።

«ኡፍ። በል በርህን በደንብ ቆልፍ። ሰው እንዳታስገባ።» ምርኩዛቸውን ከመንገዱ አነሱለት። «ደረብ አድርገሃል?»

በጳጉሜን መጨረሻ ቀን ወደ ጽሕፈት ቤቱ ሲሄድ አንድ ሻንጣ ይዞ ነበር። አላውቅም መባሉ ተሰምቷል፤ ከዚያ በላይ ምን ይጠበቃል? ለቆላ የሚሆነውን ስስ ልብስ ከላይ፣ የእናቱን ጋቢ ከሥር አድርጎ ሸክፏል። መክሊት ሲገባ አይታ ሻንጣውን ተመለከተች። አልሳቀችም። ጠረጴዛዋ ላይ ያለችው ጆሮ በርታለች።

«ይቀመጡ፣ አቶ ልሳኑ። ምስክርነቱ ተቀባይነት አግኝቷል» አለች።

ልሳኑ አልተቀመጠም።

«ወይዘሮ ደብሪቱ 'ይመልስልኛል' ብለው በገዛ አንደበታቸው ተናግረዋል። ያልተመከረ፣ ንጹሕ ምስክርነት ነው። ስለዚህ ትንፋሹ መልስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ የዓመቱ ቀኖችም ተቆጥረዋል። ካርድዎ ለአምስት ዓመት ታድሷል።»

ልሳኑ አፉን ከፈተ። ያ ወፍራም ድምፅ ከደረቱ ተነስቶ ሲመጣ ተሰማው። ሊያመሰግናት ነበር።

መክሊት ከወንበሯ ብድግ ብላ በመዳፏ የጠረጴዛዋን ጆሮ ከደነችው።

«አትናገር» አለችው። አንቱታውን የት እንደጣለችው እንጃ። «ስማኝ። በኮሪደራችሁ የተሰማ ሌላ ድምፅ አለ። አላውቀውም ያሉት። ካርድ የሌለው ሰው ድምፅ ነው፤ እየተፈለገ ነው። በከተማዋ ውስጥ በተሰማበት ቦታ ይያዛል። አንተ የተመዘገብከው በትንፋሽህ ነው። ሁለታችሁ አንድ ሰው አይደላችሁም፤ አንድ ነን ብትል ደግሞ ምስክርነቱ ይፈርሳል። ገብቶሃል?»

ልሳኑ አያት። በዕድሜ እኩያው ትሆናለች። 

ትንፋሹን ሳበ።

መክሊት ተቀመጠች፤ እጇንም አነሳች። «የነዋሪነት ድምፅዎ ይኼ መሆኑን ያረጋግጣሉ?» አለች በጽሕፈት ቤቱ ድምፅ። ያቺ የክብሪት ጭረት የመሰለች ነገር ከመስታወቷ ተሰማች።

ልሳኑ ሳበ። ጆሮዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለእሱ ብልጭ አለች።

መስከረም ሲጠባ ሰዎች መጥተው አፋፉ ላይ መሰላል አቆሙ። የገደል ማሚቶ ከታች ባለው የውሃ ቧንቧ ጠባቂ ቤት እስከተለጠፈችው ጆሮ ድረስ አንድ ያልተመዘገበ ድምፅ አድርሶ ነበር፤ መተሐራ መተሐራ ይላል አሉ። በየምሰሶው ራስ ላይ አንዳንድ ጆሮ ለጥፈው ወረዱ።

«አሁንማ እዚህም ተመቸን» አለ ጎሽሜ። «እስቲ ልሳኑ፣ ያንን ድምፅህን አሰማቸው። ካርድ ላይ ካርድ ይጨምሩልህ።»

ልሳኑ የተበጠሰ መረብ ይቋጥር ነበር። ቀና አላለም።

«ምነው? እኔ አይደለሁም እንዴ ያስተማርኩህ?»

ልሳኑ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ጎሽሜ ወደ ምሰሶው ቀና ብሎ ቢያይ ይገባው ነበር፤ ግን አላየም። ካርድ ጎድሎበት የማያውቅ ሰው ጆሮ አያስፈራውም።

«ገባኝ» አለ። «ሰው ካርዱ ሲታደስለት እንዲህ ነው። ሞልቷላ።» መጥረጊያውን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ ሩቁ መረብ ሄደ። ከዚያ ወዲህ የሚሠራው እዚያ ነው። ጉሙ ሲቀል ከሩቅ ጀርባው ይታያል።

ልሳኑ አሁን እንደ ማንኛውም ነዋሪ ነው። ቀኑ በማለዳ ይቆጠርለታል፤ አንገቱን ደፍቶ ሊፍት ውስጥ ይቆማል፤ ቀኑን ሙሉ ማንም ቢያልፈው ግድ የለውም። ድምፁን አንዳንድ ጊዜ ደረቱ ውስጥ ይሰማዋል፤ የሰው ቤት እንደገባ እንግዳ ቁጭ ብድግ ይላል። በጋቢው አፉን አፍኖ ሊያወጣው ሞክሮ ያውቃል። ከግድግዳው ወዲያ ያለችውን ጆሮ ሲያስብ ተወው።

አንድ ቀን ጥቅምት ውስጥ፣ ብርዱ የድሮውን ያህል በበረታበት ማለዳ፣ በሩን ከፈተ።

«ደህና አደርክ ልጄ?»

ሳበ።

«ያ ጯሂ ሰውዬ አልተመለሰም አይደል?»

ሳበ። ሊያልፍ ሲል እማማ ደብሪቱ እንደገና ተናገሩ። ለእሱ ሳይሆን ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስሉ ነበር።

«ደንግጬ ነው እንጂ እንዲያ ባልተቆጣሁት ነበር። እኔን አሮጊቷን ደህና አደሩ ብሎ የጠየቀኝ እሱ ብቻ ነው። አንተም ጠይቀኸኝ አታውቅም፤ አይፈረድብህም፣ ዝምተኛ ነህ።» ምርኩዛቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «ድምፁ ደግሞ ደስ ሲል። ልሳኑ ነኝ ያለኝ መሰለኝ። የት ወድቆ ይሆን?»

ልሳኑ አጠገባቸው ቆሞ ነበር። እጁን ቢዘረጋ ትከሻቸውን ይነካል። ጣሪያው ላይ አረንጓዴዋ በርታለች።

«አንተስ ልጄ» አሉ ፊታቸውን ወደ እሱ መልሰው፣ «እንዲህ ብቻህን ነው የምትኖረው?»

ልሳኑ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳበ።

ጆሮዋ ብልጭ አለች። ቀኑ ተቆጠረ።